ቃኚው ፊኛ ከሰማይ ስለ ወረደበት ዘመን



በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከመቀመጫቸው ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ የደጋውንም የቆላውንም ሰው አስከትለው፣ የመንግሥቱን ጦር እየመሩ የመጡትን የጦር ሚኒስትሩን ሙሉጌታ ይገዙን ለመግጠም ወደ አንቺም ሜዳ በተጓዙ ጊዜ፣ አብዛኛው ወታደራቸው ከአሞራ በቀር የሚከንፍ ነገር አይቶበት ከማያውቀው ሰማይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ስለዚያ ድምፅና ስላስከተለው ነገር በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ልንመረምረው የሚገባን ግን፣ በሌላው ዓለም የነበረ ወታደር አውሮፕላንን ከማየቱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሌላ የሰማይ ዐይን ሲያውቅ፣ የበጌምድር ወታደር ያን ዐይን ሳያይ በቀጥታ ከአውሮፕላን ጋር የተገናኘበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነው። ያ የቀድሞ ዐይን በጋዝ ተነፍቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ ሰው ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ቃኚ ፊኛ ነበረ፤ የዛሬው ንግግራችንም ይህ መሣሪያ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እንዴት ከክብሩ እንደ ወረደ ይተርካል።

ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ ጠላትን መጠበቅ ለደጋ ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው፤ የርብና የጉማራ ወንዞችም ከዚሁ ተራራ ሥር እየመነጩ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በጥቅምትና በኅዳር፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በምዕራቡ ትከሻ ላይ የቆመ ሰው የፎገራን ሜዳ ከነአዝመራው፣ ከዚያም ወዲያ የጣናን ውኃ ሲያንጸባርቅ ያያል። ስለዚህ በየዘመኑ በዚህ አገር የዘመተ መኰንን ሁሉ ቃፊሩን በየአምባውና በየጋራው ራስ ላይ ያቆም ነበር እንጂ፣ ተራራን የሚተካ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስገድደው ችግር አልነበረበትም። ችግሩ የነበረበት ምድሩ እንደ ምጣድ የተዘረጋበት አገር ነው፤ ፊኛውም የተፈለሰፈው የጦር አበጋዞቹ የሚወጡበት ጉብታ ላጡበት ለዚያ ሜዳ ነበረ።

ነገሩ የጀመረው በፈረንሳይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 ሰዎች በፊኛ ወደ ሰማይ ከወጡ በኋላ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1794 በሰኔ ወር በዛሬይቱ ቤልጅግ ውስጥ በፍለሩስ በተደረገው ጦርነት የፈረንሳይ ሠራዊት መኰንን ኩቴል በፊኛ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ለብዙ ሰዓት የጠላትን አሰላለፍ ተመለከተ። ይህ የፊኛ ጓድ ግን በ1799 ተበተነ፤ ናፖሊዮን ፈጣን ዘማች ስለ ነበረ፣ ፊኛው እስኪነፋ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ ትዕግሥት አልነበረውም ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ፊኛው እየወጣ እየወረደ አገልግሏል።

ወደ እኛም ምድር አንድ ጊዜ ደርሷል። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ የጣልያንን ጭፍራ ካጠፉ በኋላ፣ የጣልያን መንግሥት በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የሚመራ ወደ ሃያ ሺህ የሚገመት ጦር ወደ ምጽዋ ላከ፤ ከጦሩም ጋራ ቃኚ ፊኛዎችን፣ ጋዛቸውንም በብረት ሲሊንደር አምቆ አመጣ። በ1880 ዓ.ም. ይህ ጦር በሰሐጢ ሲመሽግ፣ ፊኛዎቹ በገመድ ታስረው ከምሽጉ በላይ ወጡ። በዚያው ዓመት መጋቢት ከደጋ ወርደው በፊቱ የሰፈሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጊዜ ደብረ ታቦርንና በአጠገቧ ያለችውን ሰመራን መቀመጫ አድርገው የኖሩ፣ የእንግሊዙን ጎርደንንም በ1872 ዓ.ም. መባቻ ላይ በደብረ ታቦር ተቀብለው ያነጋገሩ ስለ ሆኑ፣ ለዚህ አገር ሰው ባዕድ አይደሉም። ሠራዊታቸው ወደ ሰማንያ ሺህ ይገመት ነበር። ዳሩ ግን ጦርነት ሳይሆን ቀረ፤ ጣልያን ከምሽጉ አልወጣም፤ በኋላቸውም ደርቡሽ ጎንደርን አቃጥሎ ነበርና፣ ረኃብና በሽታም ሠራዊቱን ስላስጨነቀው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ። ፊኛው ስላያቸው ብቻ ነው የተመለሱት የሚል ሰው ቢኖር ታሪክን ያቃልላል። የተመሸገ ጠላትን፣ ባዶ ጎተራንና ከኋላ የሚነድ አገርን ለማየት ፊኛ አያሻም።

ነገር ግን ሰሐጢን ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ሰሐጢ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ያላለች፣ ከምጽዋ ወደብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ በዚያው ዓመት የባቡር ሐዲድ የተዘረጋላት ስፍራ ናት። ፊኛው ወደ ደጋው፣ ወደ በጌምድር ይዝለቅ ቢባል ኖሮ ምን ይገጥመው እንደ ነበር እናስላ፤ ሒሳቡ ለተማሪ ልጆቻችሁም ይጠቅማል።

ፊኛ የሚነሣው በውስጡ ያለው ጋዝ በዙሪያው ካለው አየር ስለሚቀል ነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ወደ 1.14 ኪሎ ግራም ክብደት ያነሣል፤ ስለዚህ ሦስት መቶ ሜትር ኩብ የሚይዝ ፊኛ 340 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ እዚያ ያው ሜትር ኩብ ከ0.9 ኪሎ ያነሰ ብቻ ያነሣል፤ ያው ፊኛም ከ260 ኪሎ ብዙ አያልፍም። የጎደለው ሰማንያ ኪሎ የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ነው። ጨርቁ፣ መረቡ፣ ቅርጫቱና ገመዱ ከቆላም ከደጋም ክብደታቸው አንድ ስለ ሆነ፣ ደጋው ከፊኛው ላይ የሚያስወርደው ተመልካቹን ራሱን ነው።

ጋዙስ በምን ይመጣል? ሦስት መቶ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ራሱ ቢመዘን ከ25 ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ ታምቆ የሚቀመጥበት የብረት ሲሊንደር ግን በድምሩ ከአንድ ቶን ይበልጣል፤ ፊኛውም ጋዙን እያፈሰሰ ቶሎ ቶሎ መሙያ ይጠይቃል። በዚህ አገር መንገድ ብረት ማጓጓዝ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ዓመት ማሰብ ይበቃል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆች ያፈሰሱት፣ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ መጋቢት ገብቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፊቱ እየቀደሙ፣ ገደሉን እያስቆረጡ፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሡ መንገድ አስጠረጉለት። (እኔ ግን ጋፋት ላይ ፊኛ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ኖሮ ቴዎድሮስ ያን ሰው ሌሊት ባላስተኙት ነበር ብዬ አምናለሁ።)

አሁን ወደ ፊኛው የክብር ዘመን፣ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንሻገር። በምዕራብ አውሮፓ ሁለቱ ወገኖች በምሽግ ተቀብረው አራት ዓመት ሲተያዩ፣ የጦር ግንባሩ ስላልተንቀሳቀሰ፣ የፊኛው ዘገምተኛነት ነውር መሆኑ ቀረ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አልቤር ካኮ በነፋስ የማይሽከረከር፣ ከኋላው ሦስት ክንፍ ያለው፣ ከ900 ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ የሚይዝ ረዘም ያለ ፊኛ አበጀ፤ ጀርመኖችም ድራኸን የሚሉት የራሳቸው ነበራቸው። ከምሽጉ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ በመኪና ላይ ከተተከለ የገመድ መጠቅለያ ሞተር ተነሥቶ እስከ አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ከአንድ ሺህ ሜትር ላይ አድማሱ በሒሳብ እስከ 110 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በመነጽር ተጣርቶ የሚታየው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

እስቲ ወደ ቅርጫቱ ውስጥ እንመልከት። ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ቅርጫቱ እስከ ወገባቸው ይደርሳል፤ ነፋሱ ሲመታው ይወዛወዛልና ባሕር ያልለመደን ሰው ያስመልሰዋል። አንደኛው በገበታ ላይ የተወጠረውን ካርታ ይዟል፤ ሁለተኛው መነጽሩን ከዐይኑ አያነሣም። በጆሯቸው የስልክ መስሚያ አለ፤ ሽቦውም ከገመዱ ጋራ አብሮ ወደ ምድር ይወርዳል። መድፈኛው ሲተኩስ፣ ጥይቱ የወደቀበትን ጢስ ያዩና «መቶ ሜትር ወደ ግራ፣ ሃምሳ ወደ ፊት» እያሉ ያርሙታል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥይት ዒላማው ላይ ያርፋል። ከቅርጫቱ በውጭ በኩል እንደ ሾጣጣ ከረጢት የተንጠለጠለው ፓራሹት ነው፤ ሰውየው ሲዘል ክብደቱ ከከረጢቱ ይመዝዘዋል። በዚያ ጦርነት አብዛኞቹ አውሮፕላን ነጂዎች ፓራሹት ሳይኖራቸው የፊኛ ተመልካቾች የተሰጣቸው በአጋጣሚ አልነበረም፤ ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለው ጋዝ አንዲት የእሳት ጥይት ብትነካው በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ይነድ ነበርና ነው።

የጠላት አውሮፕላን አሻግሮ በታየ ጊዜ ሞተሩ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ፊኛው ግን በችካል እንደ ታሰረ ወይፈን ወዲያና ወዲህ ማለት አይችልም። ቤልጅጋዊው ቪሊ ኮፐንስ ከሠላሳ በላይ ፊኛዎችን አቃጥሏል፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ሉክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 መስከረም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዐሥራ አራት አነደደና በዚያው ወር ሞተ። ፊኛ ማጥቃት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ በዙሪያው ብዙ መድፍና መትረየስ ተጠምዶ ይጠብቀው ነበርና። ያም ሆኖ የጦር አዛዦች ፊኛውን አልተዉትም። ለምን? ምክንያቱ ስልኩ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ነጂው ያየውን በነጥብና በጭረት የሚናገር የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ብቻ ነበረው፤ ከምድር መልስ የሚሰጠው መሬት ላይ በሚዘረጋ ጨርቅ ነበር። በፊኛው ያለው ሰው ግን ከመድፈኛው መኰንን ጋራ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ያህል በቃል ይነጋገራል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የፊኛው ታሪክ ከዚህ ላይ ይታሰራል። ብዙ ጸሐፊዎች ፊኛውን የገደለው ተዋጊ አውሮፕላን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ተዋጊው አቆሰለው እንጂ አልገደለውም እላለሁ፤ ምክንያቱም ቁስሉን ታግሦ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ኖሯል። የፊኛው ገመድ ሁለት ባሕርይ ነበረው፤ በአንድ በኩል እስራት፣ በሌላ በኩል አንደበት። እስራቱን ያስታገሠው አንደበቱ ነበረ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አሁን ድምፄን የምታደምጡበት ይህ የሬዲዮ ጥበብ እየረቀቀ ሄዶ ከአውሮፕላን ወደ ምድር፣ ከምድርም ወደ አውሮፕላን በቃል መነጋገር በተቻለ ጊዜ፣ የገመዱ በረከት ተወስዶ መርገሙ ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ውድቀት ሩጫ አልነበረም፤ ቀስ በቀስ የመጣ መረሳት ነው። ጀርመን በ1919 በቬርሳይ ውል የአየር ኀይል እንዳይኖራት ስለ ተከለከለች ፊኛዎቿንም አጣች። የአሜሪካ ጦር የማይቀጣጠለውን ሂሊየም ጋዝ ከቴክሳስ ምድር እያወጣ በፊኛው ውስጥ ቢሞላም፣ በዚህ መንገድ የተፈወሰው የእሳቱ አደጋ እንጂ እስራቱ አልነበረም። ፈረንሳይ ቃኚ ፊኛዎቿን ይዛ እስከ ሁለተኛው ጦርነት መባቻ ደረሰች፤ በ1940 ግን ፈጣኑ የታንክ ጦር ፊኛው የሚነፋበትን ጊዜ አልሰጣትም። በዚህ መካከል የመድፈኛው ተመልካች ሌላ መቀመጫ አገኘ። ከአጭር ሜዳ ላይ የሚነሣ፣ እየተንሳፈፈ በዝግታ የሚሄድ፣ ሬዲዮ የያዘ ቀላል አውሮፕላን ተፈጠረለት፤ በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የጀርመኑ ሽቶርክ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወደ አንቺም እንመለስ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አውሮፕላኗን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፖቴዝ የተባለውን ይህን አውሮፕላን አዲስ አበባ ያሳረፈው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ከዚያ ቀን እስከ አንቺም ጦርነት ስምንት ወር አይሞላም። ከውጊያው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሰፈር ላይ እያንዣበበ ወረቀት በተነ፤ በወረቀቱም ላይ የንጉሥ ተፈሪ ዐዋጅና ለራስ ጉግሣ የሚያድረውን ሁሉ የሚያወግዝ የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ግዝት ታትሞ ነበር። ግዝት ከደጀ ሰላም ሲነበብ የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ከሰማይ ሲወርድ ያየ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ በሠራዊቱ ልብ ውስጥ ያደረገው ሥራ ከቦምቡ ያነሰ አይመስለኝም። መጋቢት 22 ቀን ደግሞ ቦምብ ተጣለ፤ ውጊያው ተጀመረ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ዕለት በጦር ሜዳ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ።

በዚህ ጦርነት አውሮፕላኑ ያደረገውን ከፊኛው ሥራ ጋራ ስናስተያየው ልዩነቱ ይገለጣል። ፊኛው ከወገን ሰፈር በላይ ቆሞ አሻግሮ ያያል፤ አውሮፕላኑ ግን በጠላት ራስ ላይ ደርሶ ያያል፣ ይናገራል፣ ይመታልም። የተመልካቹና የተኳሹ ሥራ በአንድ እጅ ገባ። ጣልያንም ይህን ትምህርት አስቀድሞ ተምሮ ነበር፤ በሰሐጢ ፊኛ ካወጣ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም. ጥቅምት በሊቢያ ከአውሮፕላን ቦምብ በመጣል ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀደመ። በ1928 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ እንግዲህ በገመድ የታሰረ ዐይን የሚያስፈልገው ሠራዊት አልነበረም፤ ሮሜዎ የሚባሉት ቃኚ አውሮፕላኖች በየሸለቆው እየዞሩ ያያሉ፣ ካፕሮኒዎቹ ተከትለው ቦምቡንና የሚያቃጥለውን መርዝ ያወርዳሉ።

የዚህ ለውጥ ክብደት በአንድ ሰው ዕድል ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1922 በአንቺም ሰማዩ ለእርሳቸው የቆመላቸው ሙሉጌታ ይገዙ፣ በ1928 ራስ ተብለው በአምባ አራዶም የማዕከላዊውን ግንባር ሲመሩ፣ ሰማዩ በሙሉ የጠላት ሆኖ አገኙት። አምባ አራዶም ሰፊ ጫፍ ያለው የተፈጥሮ ምሽግ ነው፤ በቀድሞው ዘመን ቢሆን እዚያ ላይ የወጣ ጦር ቁልቁል ሁሉን የሚያይ እርሱ ነበር። አሁን ግን ከእርሱም በላይ የሚያይ ስላለ፣ ከፍታው ዒላማ አደረገው። በየካቲት ወር ግንባሩ ፈረሰ፤ ራስ ሙሉጌታም በማፈግፈግ ላይ ሳሉ ልጃቸውንም አጥተው እርሳቸውም ሞቱ። መጋቢት ማለቂያ ላይ የጣልያን ጦር ጎንደር ገባ፤ በሚያዝያም ደብረ ታቦርን ያዘ። ከዚያ በኋላ በዱር የቀረው አርበኛ ከተራራው ራስ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለውን ዱርና የወንዙን ገደል መረጠ፤ ነጩን ሸማ በአፈር መልክ አቀለመ፤ በሌሊት ተጓዘ፤ ቀን ጢስ እንዳይታይ እሳቱን አጠፋ። ለዘመናት ጉና ላይ ቆሞ ጠላቱን ቁልቁል ሲያይ የኖረ ሰው ከታች ተሸሽጎ ሰማዩን መጠበቅን በአምስት ዓመት ተማረ።

ፊኛውስ የት ደረሰ? ተመልካቹ ከቅርጫቱ ከወረደ በኋላ ቅርጫቱም ተነሣ። በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዞች የፊኛ ጦር የሚባል ልዩ ክፍል አቋቁመው በለንደንና በሌሎች ከተሞች ላይ ሰው የሌለባቸውን ብዙ ፊኛዎች ሰቀሉ። እነዚህ ፊኛዎች ምንም አያዩም፤ ጥቅማቸው ከሥራቸው የተወጠረው የብረት ገመድ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከገመዱ ጋራ ቢጋጭ ክንፉ ስለሚቆረጥ ነጂው ሳይወድ ከፍ ብሎ ይበርራል፤ ከፍ ሲልም ዒላማውን ይስታል፣ ለመድፍም ይጋለጣል።